ሞል ካስነሳችሁ በኋላ ቆዳችሁን መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞል የሚለውን ቃል ሁሉም አይጠቀምበትም። «ማርያም የሳመችኝ» የሚል አለ፣ «ጥቁር ነጥብ» የሚልም አለ። እኔ አገጬ ላይ፣ ከከንፈሬ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የሚያክል ነበረኝ። ሐኪሙ በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ቦታው ድኖ፣ ጠቁሮ፣ መልሶ የፊቴን ቀለም እስኪይዝ ግን ዓመት ፈጀ። ግማሹን ጊዜ ያስረዘምኩት እኔው ነኝ፤ ቤት ከገባሁ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ በደንብ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጓደኛም ሊያስነሳ ሲል ይደውልልኛል። የሚጠይቁኝ ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዛችሁ የእሱን ስሙ፤ ቁስላችሁን ያየው እሱ ነው።

ለእኔ ሰፍተውልኛል፣ ለጓደኛዬ ግን በማሽን አቃጥለው ነው ያነሱላት። እንክብካቤው አንድ ነው?

መሠረቱ አንድ ነው፣ ጊዜው ይለያያል። ሐኪሙ ዙሪያውን ቆርጦ ከሰፋው ቆዳው ገጥሞ ስለሚቀመጥ ቶሎ ይዘጋል። የእናንተ ሥራ ስፌቱ እንዳይሳብ መጠበቅ ነው። በምላጭ ከላይ ላጭቶ ካነሳው ግን የሚቀረው ልጅ ሆነን ወድቀን ጉልበታችን ሲላጥ የነበረው ዓይነት ክፍት ቁስል ነው። እሱ ከሥርና ከዳር ቆዳ እያበቀለ ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ ፊት ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ እግር ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወስዳል። በኤሌክትሪክ ወይም በሌዘር የተቃጠለ ትንሽ ነጥብ ጠቆር ያለ ቅርፊት ይሠራና ብዙ ጊዜ በሳምንት፣ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ይረግፋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ጉንጭና ዓይን ዙሪያ የሚበዙት፣ እናቶቻችን ፊት ላይ የምናውቃቸው ትንንሽ ጥቁር ፍሬዎች አብዛኛውን ጊዜ ሞል አይደሉም። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የሚወጡ፣ በዘር የሚሄዱ፣ ጉዳት የሌላቸው ናቸው። በኃይል ከተቃጠሉ ግን ከራሳቸው የባሰ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ማስነሳት ከፈለጋችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱ። ሁለት ሦስቱን ብዙም በማይታይ በኩል አስነሱና ቆዳችሁ እንዴት እንደሚድን አይታችሁ ቀጥሉ።

ቁስሉ ይድረቅ ወይስ እርጥብ ይሁን?

እርጥብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። «አየር ይንካው፣ ይድረቅ» ተብለን ነው ያደግነው። ነገር ግን አዲሱ ቆዳ የሚሠራው ከዳር ወደ መሃል እየተንሸራተተ ነው። ቁስሉ ደርቆ ጠንካራ ቅርፊት ከሠራ ያ ቆዳ በቅርፊቱ ሥር መንገድ እየፈለገ መሄድ አለበት፣ ስለዚህ ይዘገያል፤ ጠባሳውም ይጎላል።

የሚያስፈልጋችሁ ተራ ቫዝሊን ነው። ሽታ የሌለው፣ ከፋርማሲ አዲስ የተገዛ፣ ሌላ ሰው ጣቱን ያልከተተበት። በንጹሕ እጅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ በላዩ ጎዝ ወይም ፕላስተር አድርጉበት፣ በየቀኑ ቀይሩት። ቁስሉ ሮዝ መስሎ የሚያብረቀርቅ ቆዳ እስኪሸፍነው ድረስ እንዲሁ ቀጥሉ። አንቲባዮቲክ ያለበት ቅባት ሐኪም ካላዘዘ አያስፈልግም። በተለይ ኒዮማይሲን ያለበት ቅባት አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል፤ ሰውየው ደግሞ ቁስሉ ያመረቀዘ መስሎት ጨምሮ ይቀባል።

የእኔው ታሪክ ይኸው፦ በስድስተኛው ቀን ቅርፊቱ በአንድ በኩል ተነስቶ በመስታወት አየሁት። ማሳከክ ጀምሮ ነበር። በጥፍሬ ጫፍ ትንሽ ሳብ ሳደርገው ሙሉው አብሮ መጣ፤ ከሥሩ ጥቂት ደም ያለበት፣ እርጥብ፣ ገና ያልበሰለ ቆዳ ወጣ። ቁስሉ ከዜሮ ጀመረ። ዛሬ አገጬ ላይ የምትታየው ትንሽ ጎድጓዳ የዚያች ደቂቃ ናት። ማሳከኩ የመዳን ምልክት ነው፤ ቫዝሊን ጨምሩበት እንጂ አትንኩት።

ውሃ መቼ ነው የሚነካው?

የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት አድርቃችሁ አቆዩት። ለተሰፋ ቁስል አንዳንድ ሐኪሞች 48 ሰዓት ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሻወር መውሰድ ይቻላል፣ እንዲያውም መታጠብ አለበት። ለስላሳ ሳሙና እጃችሁ ላይ አረፋ አድርጋችሁ በቀስታ አሳልፉበት፣ አለቅልቁት፣ በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት። አትፈግፍጉት። «ውሃ ነክቶት አመረቀዘ» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ቁስልን የሚያመረቅዘው ግን ቆሻሻ ነው፣ በቧንቧ ውሃና በሳሙና የታጠበ ቁስል አይጎዳም። መዋኛ ገንዳ፣ ሐይቅ፣ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ መቆየት ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ይቅር።

አልኮልና አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ይቅሩ። ጀርሙን ሲገድሉ አዲሱን ቆዳ አብረው ይገድሉታል። ማቃጠሉ መሥራቱን አያሳይም።

ቡና፣ ማር፣ ሬት፣ ቅቤስ?

እናቴ ቤት ውስጥ እጃችንን ቢላ ሲቆርጠን የተፈጨ ቡና ነበር የምትነሰንስበት። ደሙን ያቆመዋል፣ እውነት ነው። ግን ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፣ ንጹሕ አይደለም፣ ቆዳው በላዩ ሲዘጋም ቀለሙን ትቶ ሊሄድ ይችላል። ፊታችሁ ላይ አታድርጉት። ማር ሆስፒታል ውስጥም ለቁስል ያገለግላል፣ ነገር ግን እሱ ለሕክምና ተብሎ ከጀርም የጸዳ ነው፤ ከገበያ የመጣው ማር እንደዚያ አይደለም። ሬት በቀጥታ ከቅጠሉ ተቆርጦ ክፍት ቁስል ላይ ሲደረግ ቢጫው ፈሳሽ ቆዳ ያስቆጣል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በፍጹም። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ምልክቱን ከሞሉ በላይ ለዓመታት ልትሸከሙት ትችላላችሁ።

«ሽታ እንዳያመረቅዘው» ብላችሁ ጤና አዳም ወይም ፌጦ አጠገባችሁ ብታስቀምጡ ጉዳት የለውም። ቁስሉ ላይ አትለጥፉት እንጂ።

ደማብኝ። ምን ላድርግ?

አትደንግጡ። ንጹሕ ጎዝ ወይም ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ለ15 ደቂቃ ሙሉ ያዙት። ሙሉ ስል ሰዓት እያያችሁ ማለቴ ነው። በየደቂቃው እያነሳችሁ «ቆመ ወይ» ብላችሁ ካያችሁ የረጋውን ደም እየነቀላችሁት ነው። ካልቆመ ሌላ 15 ደቂቃ ድገሙት። ከዚያም በኋላ እየፈሰሰ ከሆነ ወደ ሕክምና ሂዱ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ያመረቀዘ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ዳር ዳሩ መቅላቱ፣ ትንሽ ማበጡ፣ ጠራ ያለ ፈሳሽ ማውጣቱ ያለ ነው። በቫዝሊን የተያዘ ቁስል ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ቢጫማ ሽፋንም መግል አይደለም፣ ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይደነግጣል። የሚያሳስበው ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሲብስ ነው፤ ሙቀቱና እብጠቱ ሲሰፋ፣ የሚሸት መግል ሲወጣ፣ ትኩሳት ሲመጣ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት እንደ ነጭ ሰው ቁልጭ ብሎ አይታይም፤ ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ ጀርባ ዳሰስ አድርጋችሁ ሙቀቱን ከሌላው ጎን ጋር አስተያዩ። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ መዋጥ አይደለም።

ክሩ መቼ ይወጣል?

ፊት ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ራስ ላይ ከ7 እስከ 10፣ ክንድ፣ ሆድና ጀርባ ላይ ከ10 እስከ 14፣ እግርና መገጣጠሚያ ላይ ወደ 14 ቀን ነው። ፊት ላይ ከቀኑ ካለፈ ክሩ ራሱ እንደ መሰላል ምልክት ይተዋል፣ ስለዚህ ቀጠሮውን «ሥራ በዝቶብኛል» ብላችሁ አትግፉት።

ክር ወጣ ማለት ቆዳው ጠነከረ ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ ቁስሉ ከቀድሞ ጥንካሬው ትንሹን ብቻ ነው የያዘው፤ ወራት ቆይቶም ቢሆን ከ80 በመቶ አካባቢ አያልፍም። ጀርባችሁ ወይም ትከሻችሁ ላይ ከሆነ ጀሪካን ማንሳት፣ ልጅ ማዘል፣ ጂም መሄድ ለሦስት አራት ሳምንት ይቆይ። አለበለዚያ ጠባሳው እየተሳበ ይሰፋል።

ቁስሉ ድኗል፣ ቦታው ግን ጠቁሮ ቀረ። ይለቃል?

አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፣ ግን በወራት ነው። ቆዳችን ሲቆጣ ቀለም ያመርታል፤ ብጉር ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ የሚመጣበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ጥቁረት የሚያባብሰው ፀሐይ ነው። «እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል» የሚለው ነገር ለቃጠሎ ትንሽ እውነት ቢኖረውም ለምልክት ግን አይሠራም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ብርድ ብርድ የሚል፣ ደመናማ ቀን ላይም ጨረሩ አለ።

ቁስሉ እስኪዘጋ በፕላስተር ይሸፈን። ከተዘጋ በኋላ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በየጠዋቱ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ። ከቻላችሁ የቆዳ ቀለም ያለውን ዓይነት ግዙ። ቀለሙ የሚመጣው ከአይረን ኦክሳይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ተራው ሰንስክሪን የማይዘውን፣ ጥቁር ቆዳን የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃን ይከላከላል። በተጨማሪም ፊታችሁን እንደ ነጭ አመድ አያስመስለውም። ዋጋው ከከበዳችሁ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላውን ወደፊት ሳብ ማድረግ ብዙ ይረዳል። ቢያንስ 6 ወር፣ ቢቻል ዓመት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ጥቁረቱ ቶሎ ይልቀቅ ብላችሁ ከኮስሞቲክስ ሱቅ የሚያቀላ ክሬም አትግዙ። ብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። አዲሱን ቆዳ ያሳሱታል፣ የደም ሥር ያወጡበታል፣ ሲቆም ደግሞ ተመልሶ ይጠቁራል። ከስድስት ወር በኋላም ካልለቀቀ የቆዳ ሐኪም የሚያዘው የተለየ ነገር አለ።

ኬሎይድ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጉብታ ጠባሳ፣ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ከነጮቹ ይበዛል፣ በዘር ይሄዳል፣ በተለይ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። የሚወዳቸው ቦታዎች ጡት መሃል ያለው ደረት፣ ትከሻ፣ የላይኛው ጀርባ፣ የጆሮ ጫፍና መንጋጋ ናቸው። ጆሮዋን ስትበሳ እብጠት የወጣባት እህት ወይም እናት ካለቻችሁ ሞሉን ከማስነሳታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። ደረት ላይ ያለ፣ ምንም የማያሳስብ ሞል ለውበት ብቻ ከሆነ ብትተዉት ይሻላል ባይ ነኝ። አክስቴ ትከሻዋ ላይ የነበረችውን ጥቁር ነጥብ አስነስታ አሁን የጣት ርዝመት ያለው፣ ልብስ ሲነካው የሚያሳክካት ጉብታ አላት።

ልዩነቱን እወቁ፦ ጠባሳው ወፍሮ ከቁስሉ ወሰን ካላለፈ ተራ የወፈረ ጠባሳ ነው፣ በዓመት ውስጥ ራሱ ሊለሰልስ ይችላል። ከመጀመሪያው ቁስል ወሰን እያለፈ ጤነኛውን ቆዳ ከያዘ ኬሎይድ ነው። ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከዳነ ከወራት በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ «ዳንኩ» ብላችሁ አትርሱት። ቁስሉ እንደተዘጋ የሲሊኮን ፕላስተር ወይም ጄል መጀመር ይረዳል። ፕላስተሩ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር መለጠፍ አለበት። መጠንከርና ማሳከክ ሲጀምር ቶሎ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ፤ ገና ትንሽ እያለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየቆየ የሚወጋ መርፌ አለ። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መተው ግን ብዙ ጊዜ ከበፊቱ አስፍቶ ይመልሰዋል።

ጠበል፣ ስግደት፣ ሹሩባ፣ ወይባ?

ጠበል መጠጣት ችግር የለውም። መጠመቁ ግን ቁስሉ እስኪዘጋ ይቆይ፤ የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁ የሚከለክላችሁ አይመስለኝም። ግንባር ላይ ያለ ቁስል በስግደትም ሆነ በሱጁድ ምንጣፍ ይነካዋል፣ ስለዚህ በደንብ ሸፍኑት ወይም ለሳምንት ጎንበስ በማለት ተወሰኑ። ራስ ላይ ወይም ጸጉር ጠርዝ ላይ ከሆነ ሹሩባ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ይቅር፣ ስቦ ይከፍተዋል። ጸጉር ላይ የተደረገ ቅቤም እየቀለጠ ፊት ላይ ይወርዳል። ወይባና ሳውና ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡ። እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ የምጣዱ እንፋሎት በቀጥታ ፊታችሁ ላይ እንዳይመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሌላ ሰው ይጋግርላችሁ።

ምግብን በተመለከተ ሥጋም እንቁላልም ቁስል አያመረቅዝም። በጾም ከሆነ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን በርታ አድርጋችሁ ብሉ፤ ቆዳ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ሲጋራ መዳንን ያዘገያል።

ሜካፕና ጺም መላጨትስ?

ቅርፊት እስካለ ሜካፕ አይነካውም። ወንዶች ጺም ውስጥ ካስነሳችሁ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ በዚያ በኩል አትላጩ፤ ጸጉር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ገና ከመቀመጣችሁ ለሚላጫችሁ ሰው ቦታውን አሳዩት።

የተቆረጠው ሥጋ የት ነው የሚሄደው?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እንድትጠይቁት የምፈልገው ይህንን ነው። የተቆረጠ ሞል ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም የሥጋ ናሙና ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ፣ ሄዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። የእኔን ሥጋው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በፎርማሊን ውስጥ፣ ስሜ በፕላስተር በተለጠፈባት ትንሽ ጠርሙስ ሰጥተውኝ ራሴ ነኝ በታክሲ ላብራቶሪ ያደረስኩት። ብትጠፋ ኖሮ ሁለተኛ የለም።

በሌዘር ወይም በማሽን የተቃጠለ ሞል ግን የሚመረመር ነገር አይተርፈውም። ስለዚህ ሞላችሁ አንድ ወገኑ ከሌላው የማይመሳሰል፣ ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ከ6 ሚሊሜትር የሚበልጥ፣ በተለይ ደግሞ በቅርብ ጊዜ የተለወጠ፣ የሚደማ ወይም የሚያሳክክ ከሆነ ውበት ሳሎን ውስጥ አታስቃጥሉት። የሚቆርጥና የሚያስመረምር ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት፣ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሕክምና ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው።

«የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በእርግጥ በእኛ ላይ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ማንም በማያይበት ቦታ ነው የሚመጣው፦ እግር መርገጫ ላይ፣ መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ሥር። እ.ኤ.አ. በ1978 ኢትዮጵያን የጎበኘው ቦብ ማርሌ በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ በዚሁ በሽታ ነው። ጥፍራችሁ ሥር የሚሰፋ ጥቁር መስመር፣ እግራችሁ ሥር የማይድን ቁስል ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ካለ «ጫማ ነው ያቆሰለኝ» ብላችሁ አትቆዩ።

በኢንተርኔት የሚሸጠው የሞል ማጥፊያ ክሬም ይሠራል?

ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚያቃጥል አሲድ ነው። ላዩን ያነሳል፣ ሥሩን ይተወዋል፣ ጉድጓድና ጠባሳ ያወጣል፣ የሚመረመርም ነገር አያስቀርም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የሞል ማጥፊያ አንድም አላጸደቀም። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች፣ ሐኪም ጋ መሄድ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሞሉ ካልተለወጠ አገር ቤት እስክትመጡ ቢቆይ ይሻላል እንጂ ይህን አትቀቡት።

ካስነሳሁ በኋላ ቦታው ላይ እንደገና ጥቁር ነገር ታየኝ።

ከላይ ተላጭቶ ከተነሳ ከሥር የቀሩ ሴሎች ቀለም መልሰው ሊያወጡ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ በ6 ወር ውስጥ፣ ጠባሳው መሃል ይታያል። የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም፣ ግን ለሐኪሙ አሳዩት። ከጠባሳው ወሰን አልፎ ከወጣ ደግሞ ቶሎ ሂዱ። እንዲህ ተመልሶ የመጣ ሞል እንደገና ሲቆረጥ በማይክሮስኮፕ ሜላኖማ መስሎ ሊያሳስት ይችላል። መርማሪው የድሮውን ውጤት ካየ የመሳሳት ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የፓቶሎጂውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ደግሞ የልደት ካርዳችሁን በምታስቀምጡበት ቦታ አስቀምጡት።